አንድ ገላ ሁለት ቦታ አይበርደውም

አባቴ በርኖሳቸውን አውልቀው ለመርሐቤቴው ሲያለብሱት የጠላ ማንቆርቆሪያ ይዤ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ጥቁሩ በርኖስ ትከሻው ላይ አረፈና እስከ ቁርጭምጭሚቱ ወረደ። አባቴ አንገቱ ላይ ሰብሰብ አደረጉለትና ራቅ ብለው አዩት። "አሁን ሰው መሰልህ፣ ልጄ" አሉት። እኔን "ልጄ" ብለው የጠሩኝ መቼ እንደሆነ ለማስታወስ ሞከርኩ፤ አልመጣልህ አለኝ። እኔ "አንቺ" ነኝ። "አንቺ፣ ውሃ አምጪ።" "አንቺ፣ በሩን ዝጊ።" ዕድሜ ልኬን "አንቺ" ሆኜ ኖሬ፣ ይህ ከዓለም ከተማ ትናንት የመጣ ቆለኛ ቤታችን በመጣ በሦስተኛው እሑድ "ልጄ" ሆኖ አረፈው። ቀናሁ። ቅናት ሲባል የባልና የሚስት ነገር ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ በአባትም ይቀናል፤ ያውም ይብሳል፤ ባል ቢሄድ ሌላ ባል ይገኛል።

መርሐቤቴው የሥራ ባልደረባዬ ነው። ሁለታችንም ከመንዝ የሣር ተራራ፣ ከጓሳ ግርጌ ባለችው ትንሽ ከተማችን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር እናስተምር ነበር። እኔ የአገሩ ልጅ ነኝ፤ እናቴ ካረፈች ወዲህ ከአባቴ ጋር ሁለታችን ብቻ ከከተማው ዳር፣ ከገብስ ማሳችን አጠገብ እንኖራለን። ወንድምም እህትም የለኝም። እሱ የተመደበው ይህ በሆነበት ዓመት ነው፤ ብርዳችንን አያውቀውም። ሁለት ጃኬት ደርቦ፣ ጣቶቹን በትንፋሹ እያሞቀ ያስተምራል። ተማሪዎቹ ይወዱታል። ደግ ነው፣ ሳቂታ ነው፣ ከአፉ ማር ጠብ ይላል። እንዲህ ያለውን ሰው ለመጥላት ምክንያት ስለማይገኝ ነገሩ የባሰ ያናድዳል።

ዘመኑ ትምህርት በፕላዝማ ቴሌቪዥን ከሩቅ የሚመጣበት ነበር። ቴሌቪዥኑ ይናገራል እንጂ አይጠየቅም። ተማሪው ደግሞ አንድ ለአምስት ተደራጅቷል፤ ማን ምን እንዳለ፣ ማን ምን እንዳልገባው የቡድን መሪው ያውቃል፤ እሱ ያወቀውን ደግሞ ሌላው ያውቃል። በተለይ ሴቶቹ አፋቸውን አይከፍቱም። አንድ ቀን ከጎበዝ ተማሪዎቼ አንዷ በረንዳ ላይ ጠብቃ ያዘችኝና በሹክሹክታ "ቲቸር፣ ኤሌክትሪክ ይፈስሳል ሲሉ ምኑ ነው የሚፈስሰው? ክፍል ውስጥ ብጠይቅ ይስቁብኛል" አለችኝ። ሐሳቡ የመጣልኝ ያን ቀን ነው። የመጣው ለእኔ ነው። ይህን ደጋግሜ እናገራለሁ፤ ሌላ የሚናገርልኝ የለማ።

የኮምፒውተር ክፍሉንና የቤተ መጻሕፍቱን ማሽኖች ከመርሐቤቴው ጋር ሆነን በኬብል አገናኘናቸው። ሁሉን የሚያዝዝ አንድ ትልቅ ማሽን አልነበረንም፤ የነበረውን መብራት ሄድ መጣ ሲል አቃጥሎታል። ስለዚህ ማሽኖቹ እንደ ጎረቤት እንዲቀባበሉ አደረግን። አንዱ የሰማውን ለሌላው ይነግራል፤ አለቃ የሚባል የለም። ተማሪው የፈለገውን ስም አውጥቶ ይገባል፤ "ቆሎ" ይበል፣ "ጭላዳ" ይበል፣ ማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም፤ እኛም አናውቅም። ይጠይቃል፣ ይመልሳል፣ የወደደውን ጥያቄ ይደግፋል። ደጋፊ ያገኘ ጥያቄ ከላይ ይቆያል፤ ያላገኘ ዝቅ እያለ ሄዶ ይጠፋል። ማሽኖቹ አሮጌ ስለሆኑ ሁሉን መያዝ አይችሉም ነበር።

መጀመሪያ ላይ አማረልን። የኤሌክትሪኩ ጥያቄ ከላይ ተቀምጦ መልስ ሲጎርፍለት ሰነበተ፤ ልጅቷ በረንዳ ላይ ስታልፍ ጥርሷን ታሳየኛለች፤ ግን አንዲት ቃል አትተነፍስም። ከዚያ አንድ ሰኞ ስንገባ የትምህርት ጥያቄዎቹ አንድም ሳይቀር ጠፍተዋል። ከላይ የተደረደረው ቀልድና ብሽሽቅ ነው፤ እያንዳንዱ ቀልድ ደግሞ ከትምህርት ቤቱ ተማሪ ቁጥር የማይተናነስ ደጋፊ አለው። አንድ ሰው፣ ቢበዛ ሁለት፣ ቁጭ ብሎ ስም ይፈለፍል ነበር። ምን ገዶት! ስም እንደሆነ ነጻ ነው፤ ማውጣት ነው፣ መግባት ነው፣ ሌላ ማውጣት ነው። ያ ሰው ማን እንደነበረ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ርዕሰ መምህሩ ነገሩን ሲሰሙ "ይሄማ ቀላል ነው" አሉ። "ሁሉም በእውነተኛ ስሙ፣ ከነክፍሉ ይመዝገብ። ማን ምን እንደሚጠይቅ እኛም ብናውቀው ክፋት የለውም።" እኔና መርሐቤቴው ተያየን። በዚህ እንኳ አንለያይም ነበር፤ ስሟ ከተመዘገበ ያቺ ልጅ ሁለተኛ አትጠይቅም። ርዕሰ መምህሩም የሚለመኑ ሰው ናቸውና እስከ ፋሲካ ጊዜ ሰጡን። እስከዚያ ካልተስተካከለ ወይ ምዝገባ ይሆናል ወይ ኬብሉ ይነቀላል። ማን እንደሆነ ሳይጠየቅ አንድ ሰው አንድ ሰው ብቻ መሆኑ እንዴት ይታወቃል? ጭንቃችን ይህ ነበር።

"ስም ዋጋ ይኑረው" አለ መርሐቤቴው። ገንዘብ ማለቱ አይደለም፤ ልፋት ማለቱ ነው። አዲስ ስም ሊገባ ሲል ማሽኑ አንድ ከባድ ስሌት እንዲሠራ አደረገ፤ ስሌቱ እስኪያልቅ ማሽኑ ያቃስታል፣ ማራገቢያው ይጮኻል፣ ሌላ ሥራ አይሠራም። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ የእኔ ባለመሆኑ ብቻ ቆጨኝ። ደግነቱ ብዙ አልቆየም። ያ ባለ ብዙ ስም ትዕግሥተኛ ኖሯል። ቅዳሜና እሑድ ማሽኖቹ ሥራ ሲፈቱ ስሙን አንድ በአንድ፣ በየተራ እያስለፋ አጠራቀመና ሰኞ ሁሉንም ባንዴ ለቀቃቸው። የትምህርቱ ጥያቄ እንደገና ጠፋ። "ምን አልኩህ!" አልኩት። ምንም አላልኩትም ነበር፤ ግን ደስ አለኝ።

"እሺ፣ አንቺ ምን ይሻላል ትያለሽ?" አለኝ ረጋ ብሎ። እኔም ኬብሉን መጠቅለል ጀመርኩ።

በሚቀጥለው እሑድ አባቴ ለሦስተኛ ጊዜ "ያ ብርድ የፈጀው ልጅ ይምጣ" ብለው አስጠሩት። በርኖሱን ያለበሱት ያን ለት ነው። አልብሰውት ደጅ ይዘውት ወጡና የጓሳን ተረተር ፊት ለፊት እያዩ ድንጋይ መደቡ ላይ ተቀመጡ። አባቴ ጉልበታቸው ደህና አይደለም፤ ራቤል ከተባለው አገር ዘመድ ሊጠይቁ ሄደው በመንገድ በቅሎ ከጣለቻቸው ወዲህ ሽቅብ መውጣት አይችሉም። ተቀምጠው ተረተሩን ማየት ነው ሥራቸው። እኔ ጠላ እየቀዳሁ፣ ቆሎ እያቀረብኩ ስመላለስ መርሐቤቴው የትምህርት ቤቱን ጣጣ ይነግራቸው ጀመር። አባቴ ኮምፒውተር ምን እንደሆነ አያውቁም፤ በዚያ ላይ እኔ ስነግራቸው "እሺ፣ እሺ" ብለው ወደ ማሳቸው ነው የሚሄዱ። እሱን ግን አገጫቸውን በበትራቸው አስደግፈው አዳመጡት። ሲጨርስ ሳቁ።

"ይኼማ የጓሳ ነገር ነው" አሉ።

"እንዴት፣ አባቴ?"

"አባቴ" አላቸው! እኔም ቀና ብዬ አየሁት፤ እሱ አላየኝም።

"ጓሳ ሲዘጋ፣ ሣሩ እስኪጠና ስንት ዓመት በግም አይገባበት፣ ማጭድም አይገባበት። ታዲያ ማን ይጠብቀዋል? ባለ ድርሻው ነዋ። አጥቢያ አጥቢያው በክረምት ተራ ተራውን ይወጣል። እያንዳንዱ ስም አንድ ተራ ይቆማል፤ በየጉብታው አንድ አንድ ሰው። ጓሳው ሲከፈት የቆመ ያጭዳል፣ ያልቆመ ቆሞ ያያል።"

"ሰው ስሙን ቢያበዛስ?"

"አብዝቶ ያውቃል እንጂ! አንድ ሰውዬ ነበረ፣ ነፍስ ይማር፣ የሞቱ የሁለት ወንድሞቹን ድርሻ ከራሱ ጋር ሊበላ አሰበ። 'ወንድሞቼ መጥተዋል፣ እዚያ ናቸው' ብሎ ሦስት ጉብታ ተረከበ። ጉም ነው፤ ሰው ከሰው አይተያይም። የጥበቃው አለቃ በየተራ ይጣራሉ፤ 'እዚያ ማዶ፣ አለህ?' ሲሉ ሮጦ 'አለሁ!' ይላል። ወዲህኛውን ጉብታ ሲጣሩ ደግሞ እየተንደረደረ ወርዶ ድምፁን አወፍሮ 'አለሁ!' ይላል። እንደ ጭላዳ ከጉብታ ጉብታ ሲዘል ዋለ።"

መርሐቤቴው እንባው እስኪመጣ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ይህን ታሪክ ሰምቼው አላውቅም። እዚሁ ተወልጄ፣ እዚሁ አድጌ፣ አንድም ቀን አልነገሩኝም።

"በምን ተያዘ?"

"አለቃው ነቁበት። 'እንግዲህ በየተራ አልጣራም፤ ጡሩምባ ሲነፋ ሁላችሁም ባንድነት አለሁ በሉ' አሉ። ጡሩምባው ተነፋ። ከየጉብታው ሁሉ አለሁ፣ አለሁ ተባለ። ሁለቱ ጉብታዎች ዝም።"

መርሐቤቴው ብድግ አለ። "ባንድነት! እኛ እኮ በየተራ ነው የጠየቅናቸው!" እያለ በርኖሱን እየጎተተ በግቢው ውስጥ ተንጎራደደ። አባቴ በስስት ዓይን ያዩታል። ማንቆርቆሪያውን መሬት ላይ አስቀመጥኩት፤ ጮኸ፤ ዞር ያለ የለም።

ከዚያ ተመልሶ ተቀመጠና ጠየቃቸው። "ሰው ቢያመውስ፣ አባቴ? ሌላ ሰው ቢቆምለት አይሆንም?"

አባቴ ጉልበታቸውን ማሸት ጀመሩ። "አይሆንም" አሉ። "ብርድ በውክልና የለም። አንድ ገላ ሁለት ቦታ አይበርደውም። የቀረ ሰው ስሙ እንዳይወድቅበት ከፈለገ በሐምሌ በረዶ ከሌላ አጥቢያ ጋር ወጥቶ ገደሉ አፋፍ ላይ ይቆማል። ቅጣት ነው። ደንቡ ይኸው ነው።"

ደሜ ፈላ። የፈላበትን ምክንያት ልንገራችሁ። ጓሳ ከተዘጋ ጥቂት ዓመት ሆኖት ነበር፤ በተዘጋ በመጀመሪያው ክረምት እኔ ከኮሌጅ ተመልሼ ምደባ እጠብቅ ነበር። የአጥቢያችን ተራ ሲደርስ አባቴ ምች መትቷቸው ትኩሳት አጋድሟቸዋል። የጎተራችን ክዳን በስብሶ ያፈስሳል፤ ስማቸው ከወደቀ ደግሞ ጓሳ ሲከፈት ሣር የለም። ማንንም ሳልጠይቅ ያንኑ በርኖስ ለበስኩ፣ በትራቸውን ያዝኩና በጎሕ ወጣሁ። የአባቴ ጉብታ ላይ ቆምኩ። ጉሙ ፊቴ ላይ ይቀዘቅዛል፣ እጆቼ አብጠው ጣቶቼ አልታጠፍ አሉ። አለቃው ከጉሙ ውስጥ "አለህ?" ሲሉ ድምፄን አወፍሬ "አለሁ!" አልኩ። ሲመሽ ቤት ስገባ አባቴ ከተኙበት ቀና ብለው በርኖሱን አዩት፤ እኔን አዩኝ። "እሳት ዳር ቁጭ በይ" አሉ። ሌላ ምንም አላሉኝም። እኔ ግን ስማቸውን ያተረፍኩላቸው መስሎኝ በሆዴ ስኮራ ኖርኩ።

አሁን ለባዳ ሰው፣ በእኔው ፊት፣ ብርድ በውክልና የለም ይላሉ። ያ ቀኔ እንዳልነበረ ሆነ። ያን በርኖስ ለብሼ የተንቀጠቀጥኩት እኔ፣ በርኖሱ የተሰጠው ለእሱ፣ ታሪኩ የተነገረው ለእሱ፣ "ልጄ" የተባለው እሱ። ሆድ ባሰኝ። ወደ ጓዳ ገብቼ ገብሱን ስሰልቅ የሙቀጫው ድምፅ እስከ ደጅ እንዲሰማ አድርጌ ነው የሰለቅኩት።

መርሐቤቴው በዚያ ሳምንት ሥራውን ጨረሰ። ማንም አስቀድሞ በማያውቀው ሰዓት ማሽኖቹ የሚያውቁትን ስም ሁሉ ባንድነት ይጣራሉ፤ እያንዳንዱ ስም በዚያች ቅጽበት የራሱን ስሌት ሠርቶ "አለሁ" ማለት አለበት። አንድ ማሽን የጥቂት ተማሪዎችን ስም ይሸከማል፤ መንጋ ስም ግን ከጫኑበት ይንተፋተፍና ዝም ይላል። ዝም ያለ ስም ይወድቃል። በየጊዜው ስለሚጣራም ማጠራቀም አይጠቅምም። እኔም እጄን አጣጥፌ አልተቀመጥኩም፤ የቤተ መጻሕፍቱ ማሽኖች ከሁሉ ያረጁ ስለሆኑ የቅን ተማሪም ስም ይወድቅባቸው ነበር። መርሐቤቴው "ለአሮጌዎቹ ቀላል ስሌት እንስጣቸው" አለ። "እንደሱ ካደረግክ ነገ ሁሉም አሮጌ ነኝ ብሎ በትር ይዞ ሲያነክስ ይመጣል" አልኩት። ስሌቱን ሳንነካ በአሮጌዎቹ ላይ የሚቀመጠውን ተማሪ ቀነስን። ሐሳቡ የእኔ ነው፤ ይህንም ደግሜ እናገራለሁ።

ጥሪው መጀመሪያ ሲደረግ የስሙ መንጋ ውርጭ እንደመታው ቅጠል ረግፎ አለቀ። ከላይ የነበረው ቀልድ ወረደ። በሦስተኛው ቀን አንዲት የማትታወቅ ስም "ማግኔት ለምን ብረትን ብቻ ይወዳል?" ብላ ጠየቀች፤ ጥያቄዋ ከላይ ተቀመጠ። ከፋሲካ በፊት ከትምህርት ጽሕፈት ቤት ሰዎች መጡና ርዕሰ መምህሩ መርሐቤቴውን ፊታቸው አስቆሙት። አስረዳ። ቆንጆ አድርጎ አስረዳ። "ይህን ያስተማሩኝ አንድ የመንዝ አባት ናቸው" አለ፤ ተጨበጨበ። የመንዝ አባት! አባትነታቸው የማን እንደሆነ የጠየቀ የለም። እኔ ከኋላ መስመር ኬብል ይዤ ቆሜ ነበር። እንግዶቹ ሲወጡ አንደኛው "አንቺም ታግዢዋለሽ?" አለኝ። "አዎ፣ ጠላ እቀዳለሁ" አልኩት። የቀለድኩ መስሎት ሳቀ።

ከፋሲካ በኋላ ጓሳ ተከፈተ። መርሐቤቴው ወሬውን እንደሰማ ቤታችን ከች አለ። "አባቴ፣ እርስዎ መውጣት አይችሉም፤ እኔ አጭድልዎታለሁ" አላቸው። አባቴም "ማጨድ ማንም ያጭዳል፤ መቆም ነው የማይተካ" ብለው ፈቀዱለት። በዕድሜው ሣር አጭዶ አያውቅም። ማጭድና ጠፍር ተሰጠው፤ በርኖሱ መቼም ከላዩ አልወረደም። እኔ ምሳቸውን አዘጋጅቼ ልቀመጥ ስል አባቴ "አንቺም ሂጂ" አሉኝ።

"ምን ላደርግ?"

"ሂጂ አልኩሽ። ማጭድ ያዢ።"

ለሸክም ነው አልኩ በሆዴ። እሱ ያጭዳል፣ እኔ እሸከማለሁ። ጎሕ ሲቀድ ወጣን። በመንገድ ሙሉ እሱ ሲያወራ እኔ ከፊቱ እየቀደምኩ ሄድኩ። ከላይ ስንደርስ ሰው ሁሉ ማጭዱን ይዞ፣ አህያውን ነድቶ ውርጩ ላይ ቆሟል። ሣሩ ከጉልበት በላይ ሆኖ እስከ ዓይን ዳር ይተኛል። የጥበቃው አለቃ አንድ ትልቅ ድንጋይ ላይ ቆመዋል። ወረቀት የለም፤ የቆመውን ሁሉ በቃላቸው ያውቁታል። በየአጥቢያው እየጠሩ ድርሻውን ያሳያሉ።

የአባቴን ስም ጠሩ። "አለሁ! ለእሳቸው ላጭድ ነው የመጣሁ" አለ መርሐቤቴው፤ ሰው ሁሉ በርኖሱን አውቆ ሣቀ። ድርሻው ታየለት። እኔ ዳር ቆሜ የማጭዴን ስለት በጣቴ እሞክራለሁ። ጥርሴን ነክሻለሁ።

ከዚያ አለቃው የእኔን ስም ከነአባቴ ስም ጠሩ።

ካለሁበት አልተነቃነቅሁም። ያልሰማሁ መሰላቸውና ደግመው ጠሩኝ። "የለሽም እንዴ? ነይ እንጂ፤ ድርሻሽ ከአባትሽ ቀጥሎ ነው።"

"የእኔ ድርሻ የለኝም፣ ጋሼ" አልኩ። "እኔ ያኔ የቆምኩት ለአባቴ ነው።"

"እሱንማ እናውቃለን። በጉም ውስጥ የሴት ድምፅ ጠፍቶን ነው?" አሉ። ሰዉ ተንሾካሸከ። ከድንጋዩ ወርደው ወደ እኔ መጡ። "አባትሽ ከትኩሳቱ እንደተነሱ እኔ ዘንድ መጡ። 'የቆመችው እሷ ናት፤ ብርዱም የእሷ ነው፤ በእኔ ስም እንዳታስቡብኝ' አሉ። 'ታዲያ የእርስዎ ስም ይውደቅ?' አልናቸው። 'የእኔን እኔ እቆመዋለሁ' አሉ። በሐምሌ ከሌላው አጥቢያ ጋር ወጥተው ቅጣታቸውን ገደሉ አፋፍ ላይ ቆሙ። በረዶው ሲጥል ዋለ። ውረዱ ብንላቸው አልወርድም አሉ፤ በመጨረሻ አለቱ አዳለጣቸውና በጉልበታቸው ወደቁ። በቃሬዛ ነው ያወረድናቸው።"

"ራቤል ሄደው በቅሎ ጥላቸው ነው..." አልኩ።

"የምን ራቤል? በዚያ ሰሞን አባትሽ ራቤል አልሄዱም፤ ዘመድ ቤት አስታመምናቸው። 'እንዳትነግሯት' አሉን። 'ከሰማች ቀኗ ከንቱ የቀረ ይመስላታል፤ ደግማም ልትቆምልኝ ትነሣለች' አሉ።"

መርሐቤቴው አጠገቤ ቆሞ ሁሉንም ሰምቷል። "ለዚህ ነው ያን ለት ጉልበታቸውን ያሹት" አለ ቀስ ብሎ። ያን ልብ ያለው እሱ ነው። ከእኔ በፊት የገባውም እሱ ነው። በዚያች ሰዓት እንኳ ቀናሁበት፤ ምን ላድርግ!

አለቃው ወደ ድንጋዩ ተመለሱና ስሜን ሦስተኛ ጠሩ። "አለሽ?"

"አለሁ" አልኩ። ድምፄን አላወፈርኩትም።

ቀኑን ሙሉ የራሴን ድርሻ አጨድኩ። መርሐቤቴው ከጎኔ የአባቴን እያጨደ እጁን በማጭድ ቆረጠው፤ በነጠላዬ ጫፍ አሰርኩለት። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሁለት ሸክም ሣር ይዘን ቤት ገባን። አባቴ መደቡ ላይ ተቀምጠዋል። ሁለቱን ሸክም አዩ፤ አንዱን ከሌላው ለይተው አዩት። "በርኖሱ አልረጠበበትም?" ብለው ስለ እሱ ጠየቁ።

እሱ ከሄደ በኋላ ቅቤ አቅልጬ እግራቸው ሥር ተቀመጥኩና ጉልበታቸውን ማሸት ጀመርኩ። ያበጠውን ቦታ ሳገኘው እጄ ቆመ። ለማልቀስ አልፈለግሁም።

"አባዬ" አልኩ ቀና ሳልል፣ "ያኔ ራቤል ብርድ ነበር?"

እጃቸው መጥቶ ራሴ ላይ አረፈ።

"ብርድ ነበር፣ ልጄ" አሉ።